ቢጫው የረግረግ አይሪስ ምን ያህል ይችላል?

በአቡ ዳቢ ጁበይል ደሴት፣ በማንግሮቭ ደን መካከል በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ የተመላለሰ ሰው፣ ባሕሩ ወደ ኋላ በሸሸ ጊዜ ከጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቀጥ ብለው የወጡ፣ ጣት የሚያካክሉ ብዙ ዘንጎችን ሳያይ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ሰው ገና የበቀሉ ችግኞች ይመስሉታል። ችግኝ ግን አይደሉም፤ የዛፉ መተንፈሻ ሥሮች ናቸው። በጭቃው ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ማንግሮቭ ሥሩን ወደ ላይ ልኮ ከአየር ይቀዳል። የጭቃው ጥቁረትና አልፎ አልፎ የሚሸተው፣ የተበላሸ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታም የዚሁ የኦክስጅን እጦት ምልክቶች ናቸው።

ውሃ ለዕፅዋት ሕይወት ነው ሲባል የኖረ በመሆኑ፣ ዕፅዋት በውሃ ታፍነው ሊሞቱ መቻላቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በቤት ውስጥ በሸክላ ያለ አበባ ውሃ ሲበዛበት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚጠወልገው ሥሩ መተንፈስ ስላቃተው ነው። ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው አካል ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። አፈሩ በውሃ ሲሞላ በውስጡ የነበረችውን ጥቂት ኦክስጅን ረቂቅ ተሕዋስያን በአጭር ጊዜ ይጨርሷታል፤ ምትክም በቶሎ አይመጣም። ስለዚህ በረግረግ ውስጥ የሚኖር ተክል ሁሉ ለዚህ አንድ ችግር መልስ ሊኖረው የግድ ነው።

ከእነዚህ መልሶች መካከል ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ካመራመሩት አንዱ የቢጫው የረግረግ አይሪስ መልስ ነው። ይህ ተክል በአውሮፓ፣ በምዕራብ እስያና በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ወንዞች፣ ሐይቆችና ረግረጎች ዳር በተፈጥሮ ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረዥምና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ በተመቸው ቦታ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። በጸደይ ወራት ደማቅ ቢጫ አበባ ያወጣል። የፈረንሳይ ነገሥታት ዓርማ የነበረው ባለ ሦስት ቅጠል የአበባ ምልክት መነሻው ይኸው አበባ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አይሪስ ስዩዳኮረስ ሲል ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል “ሐሰተኛ አኮረስ” ማለት ነው፤ አበባ ባላወጣበት ጊዜ አኮረስ ከተባለው ሌላ የረግረግ ተክል ጋር በቅጠሉ ስለሚመሳሰል የተሰጠ ስም ነው።

አይሪስ በዓረብኛ ሰውሰን ስለሚባል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው ስሙ ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ ሴቶች ልጆችም በዚህ ስም ይጠራሉ። ዘመዶቹም ቢሆኑ የታወቁ ናቸው። በዓረብ ቡናና በሩዝ ውስጥ የሚገባው ሳፍሮን ከዚሁ የአይሪስ ቤተሰብ ነው። በኢትዮጵያ በዱር የሚበቅለውና በውጭ የአበባ ገበያ “የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ” እየተባለ የሚሸጠው ነጭ አበባም እንዲሁ።

ከአፈር በታች ያለው ጋን

የቢጫው አይሪስ ኃይል ያለው በሚያምረው አበባው ሳይሆን ከአፈር በታች በተሰወረው ወፍራም ግንዱ ነው። ዝንጅብልና እርድ የሚያውቅ ሰው የዚህን አካል ቅርጽ ለመገመት አይቸገርም። ሥር ቢመስልም በአግድም የሚሄድ የከርሰ ምድር ግንድ ነው፤ ሥር ወደ ታች፣ ቅጠል ወደ ላይ ያወጣል፤ በጊዜ ብዛትም እርስ በርሱ ተቆላልፎ ወፍራም ምንጣፍ ይሠራል። ተክሉ በበጋ የሠራውን ምግብ በስታርች መልክ የሚያከማቸውም በዚሁ ነው።

ክረምት ሲመጣ ቅጠሉ ይደርቃል። ቅጠሉ በሕይወት ባለበት ጊዜ በውስጡ ባሉት ባዶ ቦዮች አማካይነት አየር ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ቅጠሉ ሲወድቅ ይህ መንገድ ይዘጋል። ውሃው ከፍ ሲልም የከርሰ ምድሩ ግንድ ከላይ በውሃ፣ ከዙሪያው በጭቃ ተከብቦ ለሳምንታት ያለ ኦክስጅን ይቆያል። ብዙዎቹ የመሬት ዕፅዋት በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚቆዩት ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

አይሪሱ የሚያደርገው ጠማቂ የሚያውቀውን ነገር ነው። የጠላ ጋን አፉ ተመርጎ አየር እንዳይገባው ሲደረግ፣ በውስጡ ያለው እርሾ ኦክስጅን ሳይፈልግ ስኳሩን ወደ አልኮል እየለወጠ ኃይል ያገኛል። የአይሪሱ ግንድም ኦክስጅን ሲያጣ ስታርቹን ወደ ስኳር፣ ስኳሩን ወደ አልኮል እየለወጠ ሕይወቱን ያቆያል። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ውድ ነው። ከአንድ ዓይነት የስኳር መጠን በመብላላት የሚገኘው ኃይል በኦክስጅን ከሚገኘው አሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተክሉ አንድም ብዙ ስንቅ ሊኖረው፣ አንድም ወጪውን እጅግ ሊቀንስ ይገባዋል። አይሪሱ ሁለቱንም ያደርጋል፤ በቅዝቃዜው ወራት እድገቱን ገትቶ ከስንቁ በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠረ ይሰነብታል።

በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮበርት ክሮፎርድና ባልደረቦቻቸው ይህንን ችሎታ በቤተ ሙከራ ለመለካት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተከታታይ ሥራ ሠርተዋል። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ የከርሰ ምድሩን ግንድ ወይም ሙሉውን ተክል ኦክስጅን ፈጽሞ በሌለበት ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ ቀን እየቆጠሩ አውጥቶ ዳግም ይበቅል እንደሆነ ማየት። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ የአይሪሱ ግንድ ብቻ ሳይሆን አረንጓዴ ቅጠሉ ጭምር በጨለማ ውስጥ ያለ ኦክስጅን ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ መቆየት እንደሚችል ተገልጿል። በዚያ ጥናት ከጎኑ ቀርቦ የተመዘነው ሌላው ተክል ሊኒየስ በስም ያዛመደው እውነተኛው አኮረስ ነበር፤ እርሱም በጽናቱ የሚታወቅ ነው። ሁለቱ ዕፅዋት በዝምድና ባይቀራረቡም፣ ቅጠላቸው እንደሚመሳሰል ሁሉ ጠባያቸውም መመሳሰሉ የሚገርም ነው።

አደጋው ኦክስጅን ሲመለስ ነው

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተመራማሪዎችን ያስገረመው ጥያቄ ሌላ ነው። ያለ ኦክስጅን የቆየ ተክል ኦክስጅን ሲያገኝ ያገግማል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። እውነታው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ጭቃ ውስጥ በሕይወት የቆየው ግንድ ወደ አየር በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለስልሶ ይበሰብሳል። ይህም የሆነው ኦክስጅን ሁለት ጠባይ ስላለው ነው። በሕዋስ ውስጥ አገልግሎቱን ሲሰጥ ጥቂቱ ክፍል ሱፐር ኦክሳይድ ወደተባለ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደሚጎዳ ቅርጽ ይለወጣል። በተለመደው ጊዜ ሕዋሱ ይህን የሚያበርዱ ኢንዛይሞች አሉት። ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን ያላየ ሕዋስ ግን ድንገት ሲጥለቀለቅ መከላከያው አይበቃውም፤ የሕዋሱን ሽፋን የሠሩት ቅባቶች ይበላሻሉ፤ ሽፋኑም ያፈሳል። የልብ ሐኪሞች ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ ተዘግቶ የነበረ የልብ ደም ሥር ሲከፈትና ደም ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳት መሠረቱ ተመሳሳይ ኬሚስትሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የሴንት አንድሩስ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በአይሪስ ዝርያዎች ላይ አንስተው ነበር። ለማነጻጸሪያነት ቢጫውን የረግረግ አይሪስና በደረቅ መሬት የሚበቅለውን፣ በየአትክልት ስፍራው የሚተከለውን የጀርመን አይሪስ ማቅረብ ተገቢ ነበር፤ በዝምድና ይቀራረባሉ፣ በኑሮ ግን እጅግ ይራራቃሉ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጥንድ ማግኘት አይቻልም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ የታተመው ውጤት የጉዳዩ ማዕከል ነው ማለት ይቻላል። ሱፐር ኦክሳይድን የሚያበርደው ኢንዛይም ሱፐር ኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች የለዩት ነው። ሥራው የኦክስጅንን ጉዳት መከላከል ስለሆነ፣ ኦክስጅን በሌለበት አንዳች ጥቅም የለውም። ሆኖም የቢጫው አይሪስ ግንድ ያለ ኦክስጅን በተያዘባቸው 28 ቀናት ውስጥ የዚህ ኢንዛይም እንቅስቃሴ በየጊዜው እየጨመረ ሄዶ፣ በመጨረሻ በአየር ላይ ከነበረበት መጠን ቢያንስ አሥራ ሦስት እጥፍ ደረሰ። ተክሉ እሳት በሌለበት ጊዜ፣ ካለችው ጥቂት ስንቅ ላይ ቆርሶ፣ የእሳት ማጥፊያ ሲያከማች ነበር ማለት ነው። ውሃው ሸሽቶ አየር በተመለሰበት ቀን ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግኝት “ታጋሽነት” የሚለውን ቃል ፍቺ ለውጦታል። በአማርኛ “ቻለ” ሲባል ታገሠም፣ ኃይል አገኘም ማለት ነው፤ ለአይሪሱ ሁለቱ ፍቺዎች የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እጦትን መታገሥ አንድ ነገር ነው፤ ከእጦት መውጣትን መቻል ሌላ። አንዱን ችሎ በሁለተኛው የሚሞት ተክል አለ።

ድርቅ፣ ጨው፣ ጉዞ

ስለ ድርቅ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የረግረግ ተክል ቢሆንም፣ የከርሰ ምድሩ ግንድ ያለ ውሃ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ እድገቱን መቀጠል እንደሚችል ተዘግቧል። የውሃው ከፍታ በየወቅቱ በሚለዋወጥበት ሐይቅ ዳር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጨው ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይሻል። ጨዋማ ውሃ ተክልን በሁለት መንገድ ይጎዳል። በመጀመሪያ፣ ውሃው በዙሪያው እያለ ሥሩ እንዳይስበው ያደርጋል፤ ሁለተኛ፣ ወደ ውስጥ የገባው ጨው በቅጠሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ሕዋሳቱን ይመርዛል። የባሕረ ሰላጤው ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ከ40 ግራም በላይ ጨው የያዘ ሲሆን፣ ከውቅያኖሶች አማካይ 35 ግራም ይበልጣል፤ ማንግሮቭ በዚያ ውስጥ የሚኖረው የጨውን አብዛኛውን ክፍል በሥሩ እየከለከለና የቀረውን በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች እያወጣ ነው። ቢጫው አይሪስ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም፤ መሠረታዊ ቤቱ ጣፋጭ ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ውሃው እምብዛም ጨዋማ ባልሆነበት ስፍራ ይገኛል፤ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ይወርዳል።

ይህ ነጥብ በአሁኑ ጊዜ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ትርጉም አለው። የባሕር ወለል ከፍ እያለ ሲሄድ ጨዋማው ውሃ ወደ ወንዞች አፍ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በማዕበል የሚሸፈነው ጊዜም ይረዝማል። በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥና ከበላዩ ባለው የወንዞች ደልታ ቢጫው አይሪስ የአገሩ ተክል አይደለም፤ ሰዎች ለጌጥ ወደ አሜሪካ ካመጡት ዝርያ አምልጦ የተስፋፋ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ክፍልና በስፔን የሴቪል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያ የሚገኘውን አይሪስ በትውልድ አገሩ፣ በስፔን ጓዳልኪቪር ወንዝ አፍ ከሚገኘው ጋር አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሥራቸው እንዳመለከተው፣ በወራሪነት የሰፈረው ወገን በትውልድ አገሩ ከቀረው ይልቅ የባሕር ወለል መጨመርን የመቋቋም አቅሙ የላቀ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዘሩን መረመረ። የቢጫው አይሪስ ዘር ቡናማና ጠፍጣፋ ሲሆን በሽፋኑ ውስጥ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፤ ለወራት በውሃ ላይ ሊቆይ ይችላል። ጥያቄው ዘሩ በጨዋማ ውሃ ላይ ሲጓዝ ይሞታል ወይ የሚል ነበር። መልሱ አይሞትም ነው። ብርቱ ጨው ዘሩ እንዳይበቅል ቢያግደውም ሕይወቱን አያጠፋበትም፤ ጣፋጭ ውሃ ሲያገኝ ይበቅላል። ስለዚህ ባሕሩ ለዚህ ተክል አጥር መሆኑ ቀርቶ መንገድ ሊሆንለት ይችላል ማለት ነው።

ወራሪው ወገን ለምን ከአገሬው በረታ? በዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው ተክሉ በአዲሱ አገር የሚያጠቁትን ነፍሳትና በሽታዎች ትቶ ስለሚመጣ ለመከላከያ ያወጣ የነበረውን ለእድገት ያውለዋል የሚል ነው። ሁለተኛው በአዲሱ ስፍራ የጸኑት ብቻ ተርፈው ስለተራቡ ትውልዱ በሙሉ የጠነከረ ሆነ የሚል ነው። ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም።

በአንዱ አገር ጌጥ፣ በሌላው አረም

የሐይቅ ዳር ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ የዚህን ታሪክ ቀጣይ ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭም በብዙ አገሮች በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ የተዛመተ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ያስከተለውን ችግር ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች በእጃቸው እየነቀሉ አይተውታል። ቢጫው አይሪስ እንደ እምቦጭ በውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ግንዶቹ ተቆላልፈው ደለል ይይዛሉ፤ ደለሉ ሲከማች ቦዩ ይጠባል፤ የአገሬው ሣርና ቄጠማ ቦታ ያጣል። በውስጡ ባሉት መራራ ንጥረ ነገሮች ምክንያት ከብት አይበላውም፤ ቢበላውም ይታመማል። በሰሜን አሜሪካ በርካታ ግዛቶች፣ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ በሕግ የተመዘገበ ጎጂ አረም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በትውልድ ስፍራው ግን ሌላ ገጽ አለው። ክረምቱን በአፍሪካ አሳልፋ በጸደይ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች የምትመለሰው ኮርንክሬክ የተባለች ወፍ በደረሰችበት ወቅት ሣሩ ገና አጭር ነው፤ የሚሰውራት ቀድሞ የሚያድገው የአይሪስ ቁጥቋጦ ነው። የወፍ ጥበቃ ሠራተኞች ገበሬዎች አይሪሱን እንዳያጠፉ የሚለምኑትም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ ይህ ሁሉ ጽናት ያለው ተክል ረግረጉ ራሱ ሲጠፋበት አቅም የለውም። በእስራኤል የሚገኘው የሁላ ሸለቆ ረግረግ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1958 በተቆፈሩ ቦዮች አማካይነት እንዲደርቅ ተደረገ፤ ቢጫው አይሪስ በዚያ አካባቢ ዛሬ የሚያብበው እ.ኤ.አ. በ1964 ጥብቅ ሥፍራ በሆነችው ጥቂት ቦታና ውሃ ዳግም በተመለሰበት አቅራቢያ ነው። ያለ ኦክስጅን ሁለት ወር፣ ያለ ውሃ ሦስት ወር የሚቆይ ተክል ቦይና ትራክተርን አይችልም።

እዚህ ላይ ጥቅሙም መነሳት አለበት። ቢጫው አይሪስ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ስለሚያድግ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ስለሚስብና ከባድ ብረቶችን በሥሩ ስለሚይዝ፣ በአውሮፓና በቻይና ፍሳሽ ለማጣራት በሚሠሩ ሰው ሠራሽ ረግረጎች ውስጥ ይተከላል። ሐሳቡ በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ በኦማን ኒምር በረሃ ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ የሚያጣራ ሰፊ የሸምበቆ ማሳ አለ። ሸምበቆ በዓረቢያ ልሳነ ምድር የኖረ ዕፅ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጥ ተክል የሚመረጠው በጽናቱ ነው፤ ከተተከለበት ግቢ ቢያመልጥ ለማጥፋት የሚያስቸግረውም ያው ጽናቱ ነው። ለበረሃማ መሬት መከላከያ ተብሎ በአፋር የተተከለው፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የሚገኘው የአሜሪካው ፕሮሶፒስ የዚህ ምስክር ነው። የኤምሬቶች ብሔራዊ ዛፍ የሆነው ጋፍ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም በገዛ አገሩ ልክ ይኖራል እንጂ እንደ እርሱ አይወርም።

ጽናቱ የሚያልቅበት

የክሮፎርድና የባልደረቦቻቸው ሥራ ለአረም አጥፊዎች ያቀበለው ነገር አለ፤ ተክሉ በምን እንደሚኖር ማወቅ በምን እንደሚሞት ለመገመት ይረዳል። ቅጠሉ ለአይሪሱ እንደ ጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ ቱቦ ነው። በእድገቱ ወራት፣ ሞቃት በሆነ ውሃ ውስጥ ግንዱ ብዙ ኃይል ያወጣል፤ ስንቁም አብዛኛው ወደ ቅጠልና ወደ አበባ ሄዷል። በዚህ ጊዜ ቅጠሎቹ ከውሃው ወለል በታች ቢታጨዱ ቱቦው ይቆረጣል፤ ግንዱ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ከቀረው ስንቅ ይከፍላል፤ ያም ደጋግሞ ሲታጨድ ያልቅበታል። በመስክ ላይ ከውሃ በላይ ከመቁረጥ ይልቅ ከውሃ በታች መቁረጥ የተሻለ ውጤት ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደ። ተመራማሪዎቹ አይሪሱን ከሥሩ አጭደው በላዩ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አነጠፉበት፤ ብርሃንም አየርም እንዳያገኝ። ግንዶቹ በ70 ቀናት ውስጥ ሞቱ። ኦክስጅን በማጣት የማይሞት የተባለው ተክል በመጨረሻ የተሸነፈው በዚያው ነገር ነበር፤ ልዩነቱ ወቅቱና የቀኑ ብዛት ብቻ ነው። መርዝ አላስፈለገም፤ ይህም ለመጠጥ ውሃና ለዓሣ ሲባል ኬሚካል መርጨት በማይፈቀድበት ሐይቅ ዳር ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ምንጣፉን ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ ማንጠፍ ግን ከባድ የጉልበት ሥራ ስለሆነ፣ ለትንሽ ኩሬና ለሐይቅ ጥግ እንጂ ለረዥም የወንዝ ዳር አይመችም።

ነቅሎ የሚያወጣም ሰው መጠንቀቅ አለበት። የተክሉ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንት ያስፈልጋል። በጭቃው ውስጥ ተቆርጣ የምትቀር የግንድ ቁራጭ ዳግም ትበቅላለች፤ በውሃ ተወስዳም ሌላ ቦታ ትተክላለች። የተነቀለውም ለማዳበሪያ ከሌላ ቅጠላ ቅጠል ጋር መከመር የለበትም፤ ሦስት ወር ድርቅ የቻለ ግንድ በክምሩ ውስጥ አይሞትም። በሳን ፍራንሲስኮ ደልታ ዳርቻ ለሚሠሩ ቡድኖች ከሁሉ የሚቀድመው ግን አረንጓዴው የዘር ከረጢት በበጋው መጨረሻ ደርቆ ሳይፈነዳ ቆርጦ መሰብሰብ ነው፤ አንዴ ውሃ ላይ የወደቀ ዘር ማዕበሉ ወዴት እንደሚወስደው ማንም አያውቅምና።